የማንኩሳ ጠጅ በወይን ኬሚስቶች ጉባኤ

ፍኖተ ሰላም፣ ንጋት

ደስታ እንቅልፍ ነሥቶኝ ዶሮ ሳይጮህ ተነሣሁ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ የጠጅን አፈላል ሳጠና ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ባሕር ዳር በሚካሄድ ዓለም አቀፍ የወይን ኬሚስትሪ ጉባኤ ላይ ጥናቴን እንዳቀርብ ተጠርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ ወይን በሚወራበት አዳራሽ የእኛ ጠጅ አሥራ አምስት ደቂቃ አግኝቷል! ከንግግሬ በኋላም እንግዶቹ ይቀምሱታል። ጠጁ በደህና ካልደረሰ ግን በባዶ እጄ ስለ ጣዕም ላወራ ነው።

ማንኩሳ

ጠጁን የሚጥሉት እማማ እናኑ ናቸው። ጥናቴ በሙሉ በእሳቸው ጋን የተሠራ ቢሆንም በጽሑፌ ውስጥ “የናሙና ምንጭ” ከማለት በቀር ስማቸውን አልጠቀስኩም። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው አፉን በጨርቅ አሰሩልኝ።

“እንዳትከድኚው፣ ልጄ። ገና ይተነፍሳል።”

“እሺ፣ እማማ” አልኳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ አቧራውን ሳይ ግን ናሙናዬ እንዳይበከል ሰጋሁ። ጨርቁን ፈትቼ ሁለቱንም በመክደኛ ጥርቅም አደረግኋቸው።

ከቡሬ ወደ ጥሊሊ

ቡሬ ላይ የበርበሬ ጆንያ ተጭኖ ሁላችንም ስናስነጥስ ቆየን። በሃያ ብር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ከጎኔ ለተቀመጡት የጨርቅ ነጋዴ ለሐጂ ሰይድ አካፈልኳቸው። ዳገቱን ስንያያዝ “ጧ!” አለ። አንዱ መክደኛ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መታ፤ ጠጁ ሐጂን ከነጭ ቆባቸው እስከ ጫማቸው አጠባቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“ሰባ ዓመት ያልቀመስሁትን ዛሬ ታጠብሁበት!” አሉ ሐጂ። መኪናው በሳቅ ተናወጠ፤ እኔ ግን ዕንባዬ መጣ።

“ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ። እማማ እናኑ አትክደኚው ብለውኝ ነበር።”

“የማንኩሳዋ እናኑ? የኔው ደንበኛ ናት። በይ ሁለተኛውን ፍቺው፣ ሳይደግመን!”

መክደኛውን ቀስ ብዬ ሳላላው ለረጅም ጊዜ አፏጨ። ጠጅ ሲፈላ ስለሚወጣው ጋዝ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔው ነኝ! ጥሊሊ ስንደርስ ሐጂ ታጥበው ከጥቅላቸው አዲስ ልብስ ለወጡ። ከሚሸጡት አቡጀዲም ለጠርሙሱ አፍ ማሰሪያ ቀደው ሰጡኝ።

“ለጠጁ አይደለም፤ ለትምህርቱ ነው” አሉኝ።

ባሕር ዳር

የተረፈውን ጠርሙስ እስከ አዳራሹ ድረስ ታቅፌው ገባሁ። ንግግሬን ስጨርስ አንዲት ሽበታም የውጭ አገር ፕሮፌሰር “ለምንድን ነው ያልተከደነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ያዘጋጀሁትን መልስ ተውኩና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

“ሴትዮዋ ገና እንደሚተነፍስ በምን አወቁ?” አለች ፕሮፌሰሯ።

“ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አድርገው ያዳምጡታል።”

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። በደስታ ቀዳሁላቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጉንጭ ደረሰው። ፕሮፌሰሯ ደብተሯን ከፍታ “ስማቸው ማን ይባላል?” አለችኝ። በጽሑፌ ውስጥ ስላልነበረ አፈርኩ። ያንኑ ቀን አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ስማቸውን ከስሜ ጎን አስገባሁ።

ማንኩሳ፣ በመመለሻዬ

“እማማ፣ ከድኜው ነበር” አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

“ሐጂ ቀድሞሽ ነግሮኛል።”

ጥናቱ በሁለታችን ስም እንደሚወጣ ነገርኳቸው።

“እንግዲህ ስሜ ካንቺ ጋራ ከገባ ጥፋትሽም የኔ ነው” አሉ።

ለሚቀጥለው ጥናት አንድ ጠርሙስ ሞልተው አፉን በጨርቅ አሰሩና ሰጡኝ። መክደኛውን ግን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው እሳቸው ዘንድ አስቀሩት።