ባለወፍጮዋ የት ትኖራለች?

የወሰዱኝ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቴ ነው፤ ምሳ ተበልቶ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ በተጋደመበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ሰው አይጣላም፤ ለመጣላትም ይሞቃል። እነሱ ግን መጡ። ሁለቱ ሲቪል ለብሰዋል፣ አንዱ ዩኒፎርም። የመያዣ ትእዛዝ እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ዩኒፎርም የለበሰው «መምህርት አይደለሽ? ሕግ ታውቂያለሽ፤ ተነሺ» አለኝ። ሕግ ማወቄ ለእነሱ ትእዛዝ ላለመያዝ ምክንያት ሲሆን ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥፋቴ አንድ ጥያቄ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት በር በመኪና ተጭነው የተወሰዱት ልጆች የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ጻፈው። ሲጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፤ የዋህነቴ እስከዚህ ድረስ ነው።

የሴቶቹ ክፍል ከጣቢያው ጓሮ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ፀሐይ ከገባች በኋላም እጅ የማያስነካ። ቢጫ ጀሪካን ውሃ፣ በፌስታል የታሰረ ልብስ፣ ግድግዳውን ሸሽተው መሐል ወለሉ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች። አንደኛዋ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ስታሻግር የተያዘች ነጋዴ ናት። አፍ የፈታችው በሶማልኛ ነው፤ በዕድሜም ስለምትበልጠን ኤዶ እንላት ነበር፣ አክስቴ እንደማለት። ሁለተኛዋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ልጆቹ መኪና ላይ ሲጫኑ በስልኳ የቀረጸችው እሷ ናት። እሷ ያየችውን ለጓደኞቿ ላከች፤ እኔ እሷ የላከችውን አይቼ ጠየቅሁ። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። መንግሥት አስተዋወቀን።

የማጠቃለያ ፈተናው ሳምንታት ቀርተውት ነበር። እናቷ በስንት ልመና የፊዚክስ መጽሐፏንና አንድ እርሳስ አስገብታላታለች። ልጅቷ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ገጹ ግን አይገለጥም። አንድ ቀን ምን እንደሆነች ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ ዓይኔ ያነባል፣ እኔ የለሁም» አለችኝ። «ደንዝዣለሁ መሰለኝ። ደደብ ሆኛለሁ።»

ያን ጊዜ የያዘኝ ንዴት ሲይዙኝ ከያዘኝ ይበልጥ ነበር። የዚያ ክፍል በር ብረት ነው። መቀርቀሪያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ሰው ይጠራል፤ የተጠራው አንዳንዴ ቶሎ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በሩን ስታዳምጥ ነበር የምትውለው። ልቧን በር ላይ ያሰሩት እነሱ ሆነው ሳለ ደደብ ነኝ የምትለው እሷ ሆነች።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከቅያሬ ልብስ ጋር አንድ ልቦለድ ላከችልኝ። በሩ ላይ የምትፈትሸው ፖሊስ ጠንካራ ነገር አይገባም ብላ ሽፋኑን ገነጠለችው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም አብረው ሄዱ። ርዕሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። የምናውቀው ታሪኩ ስለ አንዲት መበለት መሆኑን ነው። ሴትዮዋ በአንዲት ትንሽ ከተማ ወፍጮ አላት። የአካባቢው ሹም ከሚፈጨው እህል ሁሉ ላይ ዱቄት ይወስዳል፤ እሷ ደግሞ አሻፈረኝ ትላለች።

ለልጅቷ ልቦለዱን ሰጥቼ ፊዚክሱን ለጊዜው ዝጊው አልኳት። «መጀመሪያ አንድ ሰው ተከትለሽ መሄድ ልመጂ። ኃይልና ፍጥነቱ በኋላ ይደርሳል።»

«ልቦለድ ጨርሼ አላውቅም እኮ ቲቸር። ክላስ ውስጥም የምናነበው አጭር ኖቱን ነበር።»

«አንድ አንቀጽ ብቻ። አንብቢና ዘግተሽ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

የመጀመሪያውን አንቀጽ አራት ጊዜ ያህል ጀመረችው። መቀርቀሪያው በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ስትመለስ መስመሩ ይጠፋታል፤ ከላይ ትጀምራለች፤ ትናደዳለች። ቀና አትበይ ማለት አልሆነልኝም፤ እኔም ቀና እል ነበር። «ጣትሽን ያነበብሽው ቃል ላይ አድርጊና በሩን እስኪበቃሽ እይው። ስትመለሺ ጣትሽ ያለበት አለሽ» አልኳት። ይህን የትም ኮሌጅ አላስተማሩኝም። ከዚያ በኋላ ከላይ መጀመር ቀረ። አንድ አንቀጽ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ገጽ ሆነ።

የቀረውን ያደረገችው ኤዶ ናት። አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ልጅቷ መጽሐፉን ስትዘጋ ጠብቃ «ሼኮዋን ንገሪኝ» አለቻት፤ ታሪኩን ማለቷ ነው።

«አንዲት ሴትዮ አለች። ወፍጮ አላት። ሹሙ ዱቄት ይወስድባታል» አለች ልጅቷ።

ኤዶ መዳፏን ዘረጋች። «አለቀ? ይቺ ሼኮ ናት? ደረሰኝ ናት እንጂ። ሴትዮዋ ምን ለብሳለች? ሹሙ ሲመጣ ቁማ ነው ተቀምጣ?»

ልጅቷ አታውቅም ነበር። ተመልሳ አነበበች። በማግስቱ ሴትዮዋ ምን እንደለበሰች አወቀች። በሦስተኛው ቀን ሳትጠየቅ ሹሙ ሲገባ ሴትዮዋ እጇን ከዱቄቱ እንዳላራገፈች ተናገረች። ኤዶ አማርኛው ሲያቅታት ልጅቷ ወደ ሶማልኛ ትገለብጥላታለች፤ የድሬ ልጅ ናትና አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ ሦስቱንም ታቀላጥፋለች። በየቀኑ ከሰዓት፣ ጣቢያው ራሱ ሲያንቀላፋ፣ እንዲህ ሆነን ነበር የምንቀመጠው።

ሴትዮዋ ወፍጮውን ዘግታ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ የጣለች ዕለት ኤዶ አኮረፈች። «ንግድ አታውቅም ወላሂ። ቁልፍ ይደበቃል እንጂ ይጣላል? ከተማው ምን ይብላ?»

«ከተማው ንፍሮ ይበላል። ሹሙም ንፍሮ ይበላል» አለች ልጅቷ።

«አቦ እሱ እንኳ ጥሩ ነው» አለች ኤዶ።

ልጅቷ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እዚያው ሰሞን ፊዚክሱንም ገልጣው አየኋት፤ እርሳስ ይዛ ጠርዙ ላይ ታሰላ ነበር።

በር ላይ ያለው ጆሮ ግን አላንቀላፋም ኖሯል። በሴቶቹ ክፍል በየቀኑ ስብሰባ እንዳለ፣ አንዲት ባለወፍጮ ሕዝብ በሹም ላይ እንዳስነሣችና ይህንንም መምህርቷ እንደምታስተምር ወደ ላይ ተነገረ። መጥተው ልቦለዱን ወሰዱት። ሦስት ምዕራፍ ቀርቶን ነበር።

መርማሪው ልጅቷንና እኔን በአንድ ቀን አስጠራን። እሷ ቀድማ ገባች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተራዬን እንድጠብቅ ተደረግሁ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሞ ስለነበር የቢሮው በር በጡብ ተደግፎ ተከፍቷል። ሁሉንም ሰማሁ።

«ፈተናሽ ሰኞ ነው አይደል?» አላት። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ።

«አዎ።»

«ይቺን ፈርሚና ዛሬ እናትሽ ጋር እደሪ።»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እያነበብኩ ነው።»

እኔ ውጭ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ቁጭ ብያለሁ። ከዚያ ወዲያ አላቻኮላትም፤ ትፈርማለች ብሎ ይሆናል።

«እዚህ ላይ፣ መምህርቷ በየቀኑ እየሰበሰበች በመንግሥት ላይ እንድንነሣ ታስተምረን ነበር ይላል» አለች። «እንደዚህ አልሆነም። የሆነውን ልንገርህ?»

በእኛ ከተማ ልጅ ለትልቅ ሰውም «አንተ» ይላል፤ ንቀት የለበትም። እሱ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ንገሪኝ» አላት።

ነገረችው። ባሏ ከሞተበት ቀን ጀመረች፤ ወፍጮውን፣ ሹሙን፣ ዱቄቱን። «ቀስ በይ» አላት፤ እየጻፈ ነበር።

«ስሟ ማን ነው?»

«ስም የላትም። ባለወፍጮዋ ነው የምትባለው።»

«የት ትኖራለች?»

«መጀመሪያ ወንዙ ማዶ። ልጇ ሲታሰር ግን ቤቷን ትታ ጣቢያው በር ላይ ትተኛ ጀመር።»

«የትኛው ጣቢያ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለው። ጠረጴዛህ ላይ ነው።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህን ነው። ከልቡ መስሎት ይሁን፣ ወይስ እያወቀ ለወንጀል የሚሆን ስም ፍለጋ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳፍርም አላውቅም።

«ታሾፊብኛለሽ?» አላት።

«አላሾፍም። ከሰዓት ከሰዓት የምናወራው ይሄንን ነው። መጨረሻውን ግን አናውቅም፣ ወሰዳችሁብን። አንተ አነበብከው?»

«ልቦለድ የማነብበት ጊዜ የለኝም።»

«ታዲያ ሳታነበው ቅስቀሳ ነው ያልከው?»

ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ሰማሁ። «ፈተናሽን እርሺው» አላት። ልስላሴው ጠፍቶ ነበር። ሳትፈርም ወጣች። እኔን አስገብቶ «ልጅቷን አበላሸሻት» ብቻ አለኝና መለሰኝ።

ክፍላችን ስገባ ልጅቷ እያለቀሰች፣ ኤዶ ደግሞ እየተቆጣች ነበር። «መፈረም ነበረብሽ! ለወረቀት ብለሽ ዓመትሽን ትጥያለሽ?» እኔም ብትፈርም እንደማልቀየማት ነገርኳት። ከልቤ ነበር፤ እኔን በምንም መንገድ ማቆየታቸው አይቀርም።

«አንብቤው እንዴት እፈርማለሁ?» አለችን።

ሰኞ ጠዋት ጸጉሯን ታጥባ ተሠራች። ፊዚክሱን ከጥያቄዎቹ ገጽ ላይ ገልጣ፣ እርሳሷን ቀርጻ «ቲቸር፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሁለታችሁም እንዳታናግሩኝ» አለችኝ። ኤዶ በሩ ሥር ተቀመጠች። ፈታኝ ሆና ነበር፤ እኔን እንኳ ሳስል በዓይኗ ገሠጸችኝ። በዚያው ሰዓት የክፍል ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ እየተፈተኑ ነበር።

መቀርቀሪያው ጮኸ። ለቆጠራ የመጣችው፣ ያችው ፈታሽ ፖሊስ ናት። እንደ ደንቡ ሁላችንም መቆም ነበረብን። ኤዶ ብቻ ተነሣች። «ፈተና ላይ ናት። ቆጥረሽ ዝጊ» አለቻት። ፖሊሷ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ እርሳሱን እያስኬደች ነበር፤ ቀና አላለችም። ፖሊሷ በጣቷ ቆጥራን በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ዝናቡ ሳይመጣ እኔና ልጅቷ ተፈታን። ክስ የለም፣ ይቅርታ የለም። ለምን እንደታሰርን ስጠይቅ «ዕድለኞች ናችሁ፣ ሂዱ» ተባልን። አንዲት ልጅ አንድ ዓመቷን ከፍላ ዕድለኛ ተባለች። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እንዲበርድልኝም አልጸልይም።

አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። ወላጆች ይመጡና ልጃችን አሥር ገጽ ልቦለድ አይዘልቅም፣ ስልክ ነው ያጠፋው ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠይቀው ልጁ ሲያነብ ምን እንደሚያዳምጥ ነው። ይህን ስል ግራ የሚጋቡ አሉ፤ ወለሉን የሚያዩም አሉ።

በተከታዩ ዓመት ልጅቷ እዚያው እያደረች ልትፈተን ፍራሿን ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስትገባ ከእናቷ ጋር ሆኜ ሸኘኋት። በሩ ላይ ተማሪዎችን የሚያስገባው መምህር መታወቂያዋን አይቶ ስሟን ከአምናው ዝርዝር አስታወሰው። «አንቺ አምና ተፈታኝ አልነበርሽም እንዴ? ምን ሆነሽ ቀረሽ?»

እናቷ ቀድማት «ታማብኝ ነበር» አለች። አልፈርድባትም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ፖሊሶችም ቆመዋል።

ልጅቷ ፍራሿን መሬት አስቀመጠችና የእናቷን ክንድ ያዘች። «አልታመምኩም» አለችው፣ ከኋላችን ያሉት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ፤ «ታስሬ ነበር።» መታወቂያዋን ተቀብላ፣ ፍራሿን ተሸክማ ገባች።