የአባቴ ቁርስ

አባቴ ሐኪሙን ያታለሉት አንዲት የውሸት ቃል ሳይናገሩ ነው። ሐኪሙን ብቻ ቢሆን ይቅር እላቸው ነበር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ፤ እኔም እንደ ሐኪሙ ራሴን እየነቀነቅሁ አመንኩ። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር የምናደደው በሳቸው ይሁን በራሴ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

አባቴ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የድጓ ዜማ መምህር ነበሩ። እኔ ንፋስ መውጫ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ሽንታቸው መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቆይቶ ጭራሽ እምቢ አለ፤ በግንቦት አዲስ አበባ ወስጃቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ቁጡ፣ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ለብቻዬ ጠርቶ ከፊኛ በታች ያለችውን የወንድ እጢ ካንሰር እንደያዛት ነገረኝ።

«ዋናው ነገር ከቦታው እንዳይወጣ ነው» አለኝ። «ከወጣ ወደ አጥንት ነው የሚሄደው። መውጣት አለመውጣቱን የሚነግረን ደማቸው ነው። በየአራት ወሩ አምጪልኝ፣ ደም እንወስዳለን። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ደህና ነው። ከጨመረ ግን...» እጁን ዘረጋ እንጂ አልጨረሰውም። ክኒን አዘዘ፤ በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር። በባዶ ሆድ ያስመልሳል አለ።

በየአራት ወሩ አምጪልኝ ማለት ለሱ ቀላል ነው። እኔ ለይለፍ ወረቀት ብቻ ቀበሌ ሦስት ቀን ደጅ እጠናለሁ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ ሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። በመስከረም ሲገኝ እንዲህ ተባባልን።

«አባትሽ የሚሄዱት ለምንድን ነው?»

«ለደም ምርመራ።»

«በግንቦት ተመርምረው የለ እንዴ?»

«ተመርምረዋል።»

«ታዲያ በሽታው አልታወቀም?»

«ታውቋል።»

«ከታወቀ ምኑን ይመረምሩታል?»

እውነት ለመናገር ጥያቄው ሞኝ አልነበረም። የታወቀ በሽታ ከተኛበት ተነሥቶ እንደሆነ ለማየት ሽማግሌ ሰው በወልድያ በደሴ ሁለት ቀን ተኩል አውቶቡስ ላይ ማንገላታት ለጤነኛ ጆሮ አይገባም። አባቴ ጋቢያቸውን አጥፈው ይቀመጡበታል፤ መንገዱ በነጠረ ቁጥር ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም ይላሉ።

ደርሰን ደግሞ ላቦራቶሪው «የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል» አለን። መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ዘጠኝ ቀን ዘመድ ቤት ወለል ላይ ተኛን። በአሥረኛው ቀን መጣና ደም ቀዱ። ቁጥሩ ትንሽ ጨምሯል። «እናያለን» አለ ሐኪሙ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው «እናያለን» ለመባል ነበር።

በጥር ተመለስን። በዚህኛው ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ጠበቀን። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና መነጽሩን አውልቆ አባቴ ላይ አፈጠጠ።

«መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው፣ አባቴ?»

«ቁርስ በበላሁበት ቀን አንድም አላስታጎልኩ» አሉ አባቴ፣ ረጋ ብለው።

እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሐኪሙም ነቀነቀ። እሱስ ከተሜ ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን የመሪጌታ ልጅ ነኝ። በዓመት ውስጥ አባቴ ቁርስ የሚበሉት ስንት ቀን ነው ብሎ ማሰብ ማን ይከለክለኝ ነበር? የሳቸው ጾም ለኔ እንደ ቤቱ ምሰሶ ነበር፤ ሁልጊዜ ስላለ ዓይኔ አያየውም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ እኔም ቁጥሩን ስመለከት አባቴን ሳላይ ቀረሁ።

«እንግዲህ ክኒኑ አልሠራም» አለኝ ሐኪሙ ለብቻዬ። የቀረው ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው አለ፤ ወንድነታቸውን የሚነካ። ሴት ልጅ ይህን ለድጓ መምህር አባቷ በምን አፏ ትነግራለች? አንድ ወር ያህል በሆዴ ይዤው ከረምኩ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ቅዳሜ ቆርጬ ቤተ ልሔም ሄድኩ።

አባቴ ከዛፉ ሥር ተማሪዎቻቸውን ዜማ እያስቀጸሉ ነበር። እስኪጨርሱ የሆስፒታል ካርዳቸውን ላውጣ ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዳዊታቸውን ማኅደር አወረድኩ። የቆዳውን ክዳን ስከፍት ከዳዊቱ ጎን በደብተር ወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ ቋጠሮዎች ወደቁ። በእያንዳንዳቸው ላይ በዚያ በደቃቁ የድጓ ጽሕፈታቸው ተጽፏል፦ «ዘጾመ ሐዋርያት»፣ «ዘፍልሰታ»፣ «ዘጾመ ነቢያት»። ከሁሉም የወፈረው «ዘረቡዕ ወዓርብ» ይላል። «ዘዐቢይ ጾም» የሚለው ገና አልተቋጠረም፤ አፉ ክፍት ነው። ፈታሁት። ክኒን ነው። ሁሉንም ፈታኋቸው፤ ሁሉም ክኒን።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባቴ ግን መድኃኒቱን ራሱን ነበር የሸሸጉት፤ ያውም በየጾሙ ለይተው። ያ ሁሉ ደጅ ጥናት፣ ያ ሁሉ አውቶቡስ፣ ያ ወለል፣ ከዚያ ከከሳ ክንዳቸው የተቀዳው ደም! ደማቸው ሲጮህ የነበረው ይኸንን ነው፤ እኛ ግን ክኒኑን ስንወቅስ ከረምን።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ ገቡ። ቋጠሮዎቹን መደቡ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኋቸው። አይተው አልደነገጡም፤ መቋሚያቸውን ጥግ አስደግፈው ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ተጽፎበታል እኮ።»

«ቢያንስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሲበሉ አይውጡትም ነበር?»

«ጠዋት ነዋ ያለው ሐኪሙ። ድጓ ላይ የዜማውን ምልክት ከቦታው አንሥተሽ ሌላ ቦታ ታደርጊዋለሽ?»

እሪ ማለት አማረኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አባቴን ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ተናገርኩ። ፊት ለፊት መሞት እፈልጋለሁ ቢሉኝ ይሻል ነበር አልኳቸው። መንገዱን፣ ቀበሌውን፣ የተቀዳውን ደም አንድ በአንድ ቆጠርኩባቸው። እሳቸው ክኒኖቹን እየለቀሙ ወደየቋጠሮው ይመልሳሉ፤ የፍልሰታውን ከነቢያቱ ጋር ላለመቀላቀል ይጠነቀቃሉ። ይኸ ይበልጥ አበሳጨኝ። በቁጣዬ እንዳለሁ ወጥቼ ወደ ነፍስ አባታቸው ቤት ሄድኩ።

የነፍስ አባታቸው ከሳቸው የሚበልጡ፣ ዓይናቸው የደከመ ቄስ ነበሩ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«አንድ ቀን ቢጠይቁኝ እፈቅድላቸው ነበር» አሉ። «ለታመመ ሰው እኮ ተፈቅዷል። መሪጌታ ይኸን አጥተውት ነው?»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ማለት ይኸ ነው! አንዲት ጥያቄ ብቻ፤ ከቤታቸው እስከዚህ ቤት ደግሞ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ቄሱ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ እየመራሁ ወሰድኳቸው። ገና ደጃፉ ላይ ሆኜ ጮኽኩ።

«ይፈቅዱልዎ ነበር አባዬ! ቢጠይቁ ይፈቅዱልዎ ነበር!»

«እንደሚፈቅዱልኝማ አውቃለሁ» አሉ አባቴ። «ለዚያ ነው ያልጠየቅኋቸው።»

ከዚያ ወደኔ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያዩ ቀጠሉ። «ሰውነቴን ቀደዱ፤ ዝም አልኩ። ደሜን በየጊዜው ይቀዳሉ፤ ዝም አልኩ። ክኒኑ ደረቴን እንደ ሴት አሳበጠው፤ ተማሪዎቼ እንዳያዩ በዚህ ሙቀት ጋቢ እደርባለሁ። የቀረኝ ጾሜ ነው። ፈቃድ ከሰጡኝ እሱም ሊሄድ ነው።»

ደረታቸው ማበጡን አላውቅም ነበር። ሐኪሙ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቁጣዬ አልበረደም፤ ግን የማደርግበት ቦታ አጣሁ።

የነፍስ አባታቸው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ። «መሪጌታ፣ ተደብቆ የተጾመ ጾም ትዕቢት አለበት። ቀኖና ሰጥቼዎታለሁ። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ፣ ጾምም ቢሆን፣ ጠዋት ቁርስ በልተው ክኒኑን ይውጣሉ። እስክፈታዎ ድረስ ቀኖናዎ ይኸው ነው።»

አባቴ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ።

በማግስቱ ሰንበት ነበር። የሽንብራ ቂጣ አቀረብኩላቸው። ዐቢይ ጾም፣ ገና በማለዳ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ እንደ ሌባ ቶሎ ቶሎ በሉ። ክኒኑን ዋጡ። እኔ ያሰብኩት ተሳክቷል፤ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ምንም ደስ አላለኝም።

በግንቦት ደማቸው ሲታይ ቁጥሩ ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ የሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ነገር ተወው፤ እኔም ተስፋ አደረግሁ። በመስከረም ግን እንደገና ወጣ፤ ወገባቸውን መታመም ጀምረው ስለነበር ራጅ ታዘዘ፤ አጥንታቸው ላይ ታየ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ወስደው ቢሆን ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት።

«ማወቅ አይቻልም» አለኝ። «ክኒኑን ግን አያቋርጡ።»

ማወቅ አይቻልም! በሁለት ቃላት ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እንኳ ነጠቀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ክኒኑን በየጠዋቱ የምሰጣቸው እኔው ነበርኩ፤ ንፋስ መውጫ እኔ ቤት ተኝተው። ድጓውን ለተማሪያቸው አስረክበው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላስታጎሉም። ጾመ ነቢያትን በሉ፣ ዐቢይ ጾምን በሉ፤ ሁልጊዜም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። በኋላ መዞር ሲያቅታቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር።

በሚያዝያ ስቅለት ደረሰ። ጠዋት እንደ ልማዴ ክኒኑንና ሰሃኑን ይዤ ገባሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል፤ የስቅለት ደወል እየተደወለ ነው። ሰሃኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ዛሬ ቁርስ የለም አባዬ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «አባ ፈቱኝ?»

«አልጠየቅኋቸውም» አልኩ።

ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው እጄን ያዙኝ፤ እስከ ስግደቱ ማብቂያ አለቀቁኝም። እሳቸው በከንፈራቸው ያዜማሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ።

ክኒኑን በደብተር ወረቀት ጠቀለልኩትና በእርሳስ «ዘስቅለት» ብዬ ጻፍኩበት። ከሌሎቹ ጋር ማኅደራቸው ውስጥ አለ።