ወሰን ያለፈችው ኳስ

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ በ1967 ዓ.ም. ክረምት፣ ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ አንዲት መንደር ዘማች ሳለሁ ነው። ዕድሜዬ ሰባን ካለፈ ወዲህ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል። ያቺን የቅዳሜ ቀን ግን ከነጭቃዋ አስታውሳታለሁ። ልጆቼ ደጋግሜ ስለማወራላቸው በቃላቸው ይዘዋታል፤ አንዷን ነገር ግን ከእነሱም ደብቄ ነው የኖርኩት።

የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ተዘግቶ ተማሪው ሁሉ ወደ ገጠር ሲላክ የእኔ ዕጣ ወሎ ወጣ። በጣቢያችን ዐሥራ አራት ነበርን። ሥራችን የመሬት አዋጁን ማስረዳት፣ ትምህርት ቤት መሥራትና ፊደል ማስቆጠር ነው። ረሃቡ ገና ከአገሩ ጨርሶ አልወጣም ነበር። በመንደሯ የተዘጉ ቤቶች ነበሩ። «ባለቤቱ የት ሄደ?» ብለን ስንጠይቅ ሰው በአገጩ ወደ ቆላው ያመለክታል። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተውነው።

እግር ኳሱን ያመጣብን የአካባቢው አስተባባሪ የነበረው መቶ አለቃ ነው። ሰው ለስብሰባ አልመጣ ሲለው በኳስ ሊሰበስበው አሰበ። አራት ጣቢያዎች ቡድን አቋቋሙ፦ አቀስታ፣ ኩታበር፣ ከላላና በመካነ ሰላም ስም የምንጫወተው እኛ። የእኛ ቡድን አምበል ግርማ የሚባል የአራት ኪሎ ልጅ ነበር፤ ኳስ ይችላል፣ አፉ ደግሞ ከእግሩ ይበልጣል። እኔን በረኛ አደረገኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ረጅም ነህ፣ መሮጥ ደግሞ አትችልም፤ ሌላ የት ላድርግህ?» አለኝ።

በአቀስታ ብርድ ስምንት ለባዶ ተሸነፍን። ስምንተኛው ሲገባ የአቀስታው በረኛ ሥራ ፈትቶ ስለነበር ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ አጽናናኝ። ቀጥሎ በእርዳታ እህል መኪና ላይ ተጭነን ኩታበር ሄድንና አምስት ለአንድ ተሸነፍን። አንዷንም ያገባልን የእነሱው ተከላካይ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ሽንፈታችን መንደሯን ማስደሰቱ ነበር። ስንለማመድ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይመጣል። እኔ ወዲህ ስወድቅ ኳሷ ወዲያ ስታልፍ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆቿን የቀበረች አንዲት ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን የጎሉ ቋሚ ራሴን ሲመታኝ አይታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጎረቤቶቿ እኔን ትተው እሷን ያዩ ጀመር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መውደቅ አላሳፈረኝም።

ከተማሪዎቼ አንዱ አያ እንድሪስ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ፣ በመንደሯ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቁርአን ይቀራሉ፤ የአማርኛውን ፊደል ግን አልተማሩም። ልጃቸው ረሃቡ ሲጠና ወደ አሰብ ወርዶ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። ደብዳቤ ሲልክ ለሰው ማስነበብ ሞታቸው ነው። «የልጄ ምስጢር መንደር ለመንደር ሲዞር አላይም» ይላሉ። ስለዚህ በየማለዳው ከሕፃናቱ መሐል ተቀምጠው ሀሁ ይላሉ፤ ሲሳሳቱ ሕፃናቱ ያርሟቸዋል፤ እሳቸውም «አብሽሩ፣ እደርስባችኋለሁ» ይሏቸዋል።

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት የመቶ አለቃው ትእዛዝ መጣ። መጨረሻ የወጣው ቡድን ጣቢያው ተዘግቶ ዘማቾቹ ለሌሎቹ ይከፋፈላሉ ይላል። «ኳስ የማያሸንፍ አድኃሪን አያሸንፍም» የሚል መፈክርም ከሥሩ ጽፎበታል። የቀረን ከከላላ ጋር መጫወት ነበር። ከላላም እንደኛው ደካማ ነው፤ ግን ማንም ባላሰበው ቀን ጠንካራውን አቀስታን አቻ ወጥቶ አንድ ነጥብ ይዟል። እኛ ባዶ ነን። አቻ አያድነንም፤ ማሸነፍ ብቻ ነው።

ይህን ለአያ እንድሪስ ስነግራቸው ገና «በ» ላይ ነበሩ።

«ያረቢ! ሀ ብዬ በ ላይ ልቀር ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ቅዳሜ ዕለት መንደሯ ተነቅላ ከእኛ ጋር መካነ ሰላም ወጣች። ከላላዎች ከአንድ ቀን በፊት ተነሥተው በእግርና በበቅሎ ነው የመጡት። ሜዳው የከብት ገበያው ነው። ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ፣ መሥመሩ አመድ፣ መረብ የሚባል ነገር የለም። ዳኛው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ነገር ግን መነጽሩ በካፊያ እየረጠበ በየደቂቃው በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

ጨዋታው በተጀመረ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ግርማ ከሩቅ መታ። የከላላው በረኛ ሊይዛት ሲል ጭቃው አንሸራትቶት በጀርባው ሄደ፤ ኳሷም እየተንከባለለች ገባች። አንድ ለባዶ መራን! እኛ ራሳችን ማመን አቅቶን ዳኛውን «በእርግጥ ገባች?» ብለን ጠየቅነው። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ጎላችን ፊት ተደርድረን መጠበቅ ጀመርን።

ሊያልቅ ሲል ጉሙ ወረደ። የአገሩን ጉም ያየ ያውቀዋል፤ አጠገብህ የቆመውን በሬ ይሸሽግብሃል። ከዚያ ጉም ውስጥ አንድ አጭር የከላላ አጥቂ ብቅ አለና መታ። ተወረወርኩ። ኳሷ በብብቴ ሥር ሾልካ፣ ከአመዱ መሥመር ወዲያ ጭቃ ይዟት ቆመች። እጄን ሰደድኩና ወደ ሆዴ ስቤ ተኛሁባት።

ዳኛው እየሮጠ መጣ። «ገባች?» አለ፣ እኔኑ! ኳሷን ብቻ ጥብቅ አድርጌ አቀፍኩ። ትንሽ አሰበና «ቀጥሉ» ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

አጭሩ ልጅ ጮኸ። ግርማ ገፈተረው። የከላላ ልጆች ግርማን ገፈተሩት። ሜዳው ዳር የቆመው የእኛ መንደር ጎበዝ ዱላውን ይዞ ገባ። ለገበያ የመጡ የከላላ ሰዎችም የእነሱን ዱላ ይዘው ገቡ። ቀልዱ እዚህ ላይ ቆመ። ደም ሊፈስ ነበር።

በዚህ መሐል ጉሙ ሳሳ፤ አያ እንድሪስም ከጎሉ ጀርባ ወጡ። ጎንበስ ብለው ሣር ነጩና በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በመሐል ቆሙ። «በአላህ ይዣችኋለሁ!» አሉ። የመካነ ሰላሙ ቄስም ከወዲያ በኩል ሣር ይዘው «ስለ ማርያም!» እያሉ መጡ። ሌሎች አራት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ሣር የያዘ ሽማግሌ አልፎ የሚማታ በዚያ አገር የለም። ዱላው ሁሉ ወረደ። ግርማ እንኳ አፉን ዘጋ።

«ተቀመጡ» አሉን። ሃያ ሁለታችንም ፊት ለፊት በጭቃው ላይ ተቀመጥን።

መቶ አለቃው እየተቆጣ መጣ። «ጨዋታው እኮ አላለቀም! ሰዓት አለው!»

«መቶ አለቃ፣ ሽማግሌ ተሰይሟል» አሉት ቄሱ። «እርስዎም ይቀመጡ።»

የተተኮሰ ዩኒፎርሙን እያየ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ኳስ አያውቁም። ጥሉ የቆመው በመሥመር ላይ መሆኑን ሲሰሙ ግን ፊታቸው በራ። የወሰን ጠብ ከሆነማ ዕድሜ ልካቸውን የፈረዱት እሱን ነው። ተነሥተው አመዱን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ለኩት። አንደኛው ሽማግሌ «ከወዲህ የማን ነው? ከወዲያስ?» ብለው ጠየቁ። ዳኛው «ከወዲያ የማንም አይደለም» አላቸው። «ባለቤት ለሌለው መሬት ነው እንዲህ የምትተላለቁት?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ምስክር ጠየቁ። ዳኛው አለማየቱን አመነ። አጭሩ ልጅ አልፋለች አለ። ግርማ በእናቱ ምሎ አላለፈችም አለ፤ እሱ እንኳን ኳሷን እኔንም በዚያ ጉም አላየኝም።

በመጨረሻ አያ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። ጋቢያቸው በካፊያ ርሶ ከትከሻቸው ላይ ተጣብቋል።

«ልጄ፣ ወሰኑን የምትጠብቅ አንተ ነህ። አልፋለች አላለፈችም?»

ሁሉም ያየኛል። ጓደኞቼ ያዩኛል። መንደሯ ታየኛለች። ብናገር ጣቢያው ይዘጋል፤ ጣራ ያልለበሰው ትምህርት ቤት እንደቆመ ይቀራል፤ ሽማግሌውም በ ላይ ይቀራሉ።

«አልፋለች» አልኩ።

«በምን ያህል?»

«በክንድ።»

ግርማ ራሱን ያዘ። «በክንድ! ምናለ በስንዝር ብትል?»

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ አንድ ለአንድ። ከላላዎች ጨፈሩ። መቶ አለቃው ብድግ ብሎ «እንግዲህ ግልጽ ነው። ሰዓቱም አልቋል፤ መካነ ሰላም መጨረሻ ወጥቷል» አለ።

«ይቀመጡ» አሉት አያ እንድሪስ። «ሽማግሌ ከተሰየመ ቂም የያዘ ሰው ሳይታረቅ አይነሣም።»

«ማን ነው ቂም የያዘው?»

«እርስዎ ነዎት። እነዚህን ልጆች ሊበትኗቸው አይደለም እንዴ?»

«ይህ መመሪያ እንጂ ቂም አይደለም!»

«መመሪያን ማስታረቅ አንችልበትም» አሉ አያ እንድሪስ። «እርስዎን ግን እንችላለን።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ መቶ አለቃው አልሳቀም። አያ እንድሪስ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዘረጋ። መቶ አለቃው ግራና ቀኙን አየና የእሱንም ዘረጋ።

«ሕፃን የማይራብበት ዘመን ያምጣልን!»

«አሚን!»

«የሄዱትን ይመልስልን!»

«አሚን!»

«ከእንግዲህ በዚህ አገር የሚበተን ዘር እንጂ ሰው አይሁን!»

ያኔ የተባለው አሚን ሜዳውን አናወጠው። የዚያች ሁለት ልጆቿን የቀበረች ሴት ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። መቶ አለቃውን አየሁት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። አሚን ብሏል። መቶ አለቃውም የሰው ልጅ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አሚን ያለውን መልሶ መዋጥ አልቻለም። ጣቢያችን አልተዘጋም፤ የሌላም ቡድን ጣቢያ አልተዘጋም። ስለዚያ ትእዛዝ ዳግመኛ የሰማ የለም።

ማታ ወደ መንደር ስንመለስ ግርማ አላናገረኝም። ከአያ እንድሪስ ጋር ወደኋላ ቀርተን እንሄድ ነበር።

«አያ፣ ከጎሉ ጀርባ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ኳሷን አይተዋታል?»

«ከእግሬ ሥር ነው እኮ የቆመችው!»

«ታዲያ ለምን አልመሰከሩም?»

«ኳሷንማ አይቻታለሁ። ያላየሁት አንተን ነው» አሉ።

ጥቂት ሄድንና ፈራ ተባ እያልኩ «አላለፈችም ብልስ ኖሮ?» አልኳቸው።

«ጣቢያው ቢቆምም ከዚያ ወዲያ አንተ ዘንድ አልመጣም ነበር። የልጄን ደብዳቤ ማንበቢያ ከውሸታም አልማርም» አሉኝ።

ዘመቻው ሳያልቅ ፐ ላይ ደረሱ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «የእኔ አስተማሪ በጥቅሙ ላይ የመሰከረ ልጅ ነው» እያሉ ያስተዋውቁኛል። እኔም አቀርቅሬ እሰማለሁ። ሰዉ ትሕትና ይመስለዋል።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ያን ዕለት በጭቃው ላይ ተቀምጬ አፌን የከፈትኩት «አላለፈችም» ልል ነበር። ቃሉን መርጬ፣ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። «አልፋለች» የሚለው ከየት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ለአያ እንድሪስ ሳልነግራቸው ተለያየን፤ እሳቸውም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆናቸው። ለእናንተ ስጽፈው ቅልል ይለኛል ብዬ ነበር። ትንሽ ቅልል ብሎኛል፤ ግን ብነግራቸው ይሻለኝ ነበር።