አለሁ የተኛበት እሑድ

በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «አለሁ» ነው የሚሉት። የቧንቧ ሠራተኛ ነው። መጋቢው «ማን ይህን ይሠራልናል?» ሲሉ ሌላው ጫማውን ያያል፣ እሱ «አለሁ» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ የጸሎት ቤቱን በር የሚከፍተው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ ሕፃናት የሚያስተምረው፣ የታመመ የሚጠይቀው እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ምእመኑ መጥቶ፣ ዘምሮ፣ ወደ ቤቱ መሄድ ለመደ። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው አዲስ ሰፈር ወንጌል ይዘን እንሂድ ከተባለም ቆይቷል፤ «አለሁ ሲመቸው» እየተባለ ይተላለፋል። አለሁን ደግሞ መቼም አይመቸውም።

ሚስቱ «ቤትህን ረሳኸው» ብላ ስትቆጣው፣ «እኔ አንድ ቀን ብቀር ይበተናሉ» ይላታል። ጉራ አልነበረም። ከልቡ ይፈራ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የደንበኛ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ሲገጥም ተንሸራቶ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ፣ ስልኩም ደቀቀ። ሐኪም ቤት በጀሶ አስረው ወደ ቤቱ ሸኙት። እሑድ ጠዋት ከእንቅልፉ ባንኖ፣

«ቁልፉ!» አለ።

«የምን ቁልፍ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ነዋ! ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው። ሱሪዬስ?»

ሱሪው ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ሚስቱ እጇን ሰድዳ ቁልፉን ከአረፋው ውስጥ አወጣችው። ሌላ ቁልፍ የለም፤ ማስቀረጽ ማንንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

«በይ ሩጪ! ሰዓቱ አልፏል። ቆመው ቆመው ይሄዳሉ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እግዚአብሔርም ያለ አንተ ቁልፍ አይገባም በለኛ!» ብላ ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች።

ቶሎ አልተመለሰችም። እሱ ጣሪያው ላይ አፍጥጦ፣ በሐሳቡ በየአቅጣጫው የሚበተኑ ሰዎችን ጀርባ እያየ ዋለ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ በሩ ተከፈተ።

«ከፈትሽላቸው?»

«ማንን? በሩ ላይ አንድ ሰው የለም።»

«አላልኩሽም?» ድምፁ ተሰበረ።

«አስጨርሰኝ እንጂ! ባለሱቁን ብጠይቀው ወደ ጡብ ፋብሪካው ሄዱ አለኝ። አትክልት ሻጯ እዚያ ሰፈር አይደል የምትኖረው? ‹በር ላይ ከምትገተሩ እኔ ግቢ ኑ› ብላ ሁሉንም ነድታ ወሰደቻቸው። መዝሙሩን ሰምቼ ነው ያገኘኋቸው።»

«ወንበርስ?»

«መሬት ላይ ተቀመጥን። ጎረቤቶቿ በአጥር ሲያዩን ቆዩና በርጩማቸውን ይዘው ገቡ። አንዲቱማ ‹እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?› አለችን።»

«ሕፃናቱንስ ማን ያዘ?»

«ልብስ ሰፊው።»

«እሱ? ሰው ፊት ስሙን መናገር የሚያፍረው?»

«አፈረ። ግን አስተማረ።»

አለሁን መጀመሪያ የሆነ ነገር ሸንቆጥ አደረገው፤ ያለ እሱም ሆነ። ቀጥሎ ግን በረጅሙ ተነፈሰ፤ ትከሻው ትራሱ ላይ ዘና አለ። አልተበተኑም።

ከሰዓት በኋላ ምእመናኑ መጥተው ቤቱን ሞሉት። መጋቢው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለን። አንተ ላይ ተንጠልጥለን ነው የኖርነው። እኔም ጭምር። አንተን መጠየቅ ይቀለኝ ነበር።»

«እኔም እንቢ አላልኩም እኮ» አለ አለሁ።

«ጋሼ» አለች አትክልት ሻጯ፣ «ዓመት ቀደም ብለው ቢወድቁልን ኖሮ እስካሁን ሦስት ሰፈር እናዳርስ ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አለሁም እግሩን ይዞ፣ «አታስቂኝ፣ ያመኛል!» እያለ ሳቀ። ከዚያ ሚስቱ የመለሰችለትን፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸተውን ቁልፍ ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሰጣቸው።

«አስቀርጻችሁ ተከፋፈሉት። የኔን አትመልሱልኝ።»

ስለሚቀጥለው እሑድ ብዙ አወሩ። መሸት ሲል መጋቢው፣ «በጸሎት ማን ይዝጋልን?» አሉ። ልማድ ሆኖ ሁሉም ወደ አልጋው ዞረ። አለሁ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሚስቱ አፍራ ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ፣

«ተዪው» አሉ መጋቢው።

አንዳንዱ ጫማውን አየ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አለሁ» አለ።

እየተንተባተበ ጸለየ። አለሁ በማንኮራፋት አጀበው። እንግዶቹም እንዳይቀሰቅሱት «አሜን»ን በሹክሹክታ ብለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።