ጓሳ ላይ የተከልነው ኮንክሪት

ማኅበራችን ያንን ዓመት «የእድገት ዓመት» ብሎ ነው የሚጠራው። እውነት ለመናገር ውሸት አይደለም። እስከዚያ ድረስ የአማካሪ ድርጅቶች ማኅበር ማለት ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሆቴል ጓሮ ተሰብስበን፣ ሥራውን ሁሉ የሚወስዱብንን የአዲስ አበባ ትልልቅ ድርጅቶች የምናማበት ቦታ ነበር። የውኃ መስመር የሚነድፈው፣ መንገድ የሚያጠናው፣ ሒሳብ የሚመረምረው፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ይዞ «ድርጅት» ይባላል። እኔም አንዷ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ግን ቢሮ ተከራየን፣ ማኅተም አስቀረጽን፣ የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቅን፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ተጣምረን ጨረታ አሸነፍን። ሥራው ከጓሳ ራስጌ ካለ ምንጭ ተነስቶ ወደ ታች ላሉት መንደሮች የሚወርድ የውኃ መስመር ማጥናትና መንደፍ ነበር።

ከሁሉም በላይ የኮራነው ግን የጋራ የሥራ ደረጃ በማውጣታችን ነው። ድሮ ቅየሳ ስንወጣ የእንጨት ችካል ነበር የምንተክለው። ችካሉን ከብት ይነቅለዋል፣ ሰው ይማግደዋል፤ በዓመቱ ስንመለስ የለካነው ሁሉ ጠፍቶ ከሀ እንጀምራለን። ስለዚህ ማኅበሩ ወሰነ፦ ከእንግዲህ አባላት የሚተክሉት ምልክት ኮንክሪት ይሁን፣ ጫፉ ቀይ ይቀባ፣ ቁጥር ይጻፍበት። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው፤ «አሁን ገና ባለሙያ ሆንን» አሉ። ማንም አልተቃወመም። ሁሉን ነገር የምቃወመው እኔ እንኳን ዝም አልኩ፤ ጥሩ ሐሳብ ነበርና።

የጥናቱ መሪ እኔ ነበርኩ። ቀያሹ ደግሞ ድርጅቴን ስከፍት ጀምሮ አብሮኝ የሠራ፣ ተወልዶ ያደገው ቀየት አካባቢ የሆነ ሰው ነው። ስቆጣ «እሳቷ ተነሳች» ይለኛል፤ እኔም ዝም ሲል «ድንጋይ» እለዋለሁ። በመቀየሻ መሣሪያው ሲያነጣጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ መዝሙር ነው። ቀኝ እጁ ብሎኑን የሚያዞርበትን ልስላሴ አይቼ ብዙ ጊዜ ቀንቻለሁ። እኔ የነካሁት ሁሉ ይሰበራል።

ጓሳ ዝም ተብሎ የሚገባበት ሜዳ አይደለም። ሣሩ የጋራ ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፣ ሲከፈትም ሽማግሌዎች በቆረጡት ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ እኩል ይገባል። ተዘግቶ ሳለ የገባ ይቀጣል፤ ካስቸገረም እሳትና ውኃ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። ይህን ስለምናውቅ ከወረዳው ፈቃድ ብናገኝም መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሣሩ አባት ነው፤ ጥበቃውን የሚመሩትን ሽማግሌ እንዲህ ነበር የምንላቸው። «ለመለካት ከሆነ ለኩ። ሣሩን ግን አታጉላሉት» አሉን፤ መርቀውም ሸኙን።

ስለ ኮንክሪቱ አንዳችንም አልነገርናቸውም። ለመደበቅ አይደለም፤ ለኛ ችካል ችካል ነው። ለባላገር ግን የሚበሰብስ እንጨት ሌላ ነው፣ የሚቀበር ድንጋይ ሌላ ነው። መሬት ለወራሾች ሲካፈል ድንጋይ ይቀበራል፤ የተቀበረ ድንጋይ «ከዚህ ወዲያ ያንተ አይደለም» ማለት ነው። ቀያሹ ራሱ የአባቱ መሬት ለሱና ለታላቅ ወንድሙ ሲከፈል ድንጋዩ ሲቀበር ቆሞ አይቷል። ያም ሆኖ አላሰበውም። በኮንክሪታችን ከኔ በላይ የኮራው እሱ ነበር፤ ቁጥሮቹን በገዛ እጁ ነው የጻፋቸው።

ዓመቱ ደግሞ ሰው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ የዋለበት ዓመት ነበር። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። ከሸለቆው ተኩስ ሲሰማ ማንም «የማን ነው» ብሎ አይጠይቅም፤ በየቤቱ የሞተ ወይም የት እንደደረሰ ያልታወቀ ሰው አለ። በዚህ መሐል ቀይ ጫፍ ያለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ኮንክሪት በተዘጋ ሣር ውስጥ ብቅ ብቅ አለ። ዘመሮ ገበያ ላይ «ጓሳ ተሸነሸነ፣ ለባለሀብት ተሰጠ» ተባለ። ገበያው ሲበተን ወሬው ከጨውና ከጋዙ ጋር በየመንደሩ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ጉም ስለነበር አጠገባችን እስኪደርሱ አላየናቸውም። ከታች የቆመችውን መኪናችንን ጎማዎቿን ቀደው ነበር የመጡት፤ ሹፌሩ ሸሽቷል፣ ደግ አደረገ። ባና የለበሱ፣ ሽመልና መጥረቢያ የያዙ ወንዶች ናቸው። ከፊት ያለው ረጅም ሰው ከኮንክሪቶቹ አንዱን ነቅሎ ትከሻው ላይ ተሸክሟል።

«ማነው የገዛው?» አለ።

ቀያሹ ከመሣሪያው ቀና አለ። «ማንም አልገዛውም። ውኃ ልናወርድላችሁ ነው። እኔ እኮ የናንተው ልጅ ነኝ፣ የቀየት ልጅ ነኝ።»

«የኛው ልጅ ከሆንክማ የባሰ ነው» አለው ረጅሙ።

የመጀመሪያውን ሽመል ማን እንደሰነዘረ አላየሁም። ጭንቅላቱ ላይ ሲያርፍ ግን ሰማሁት። ቀያሹ አልጮኸም፤ መሣሪያውን አቅፎ ነው የወደቀው። ከዚያ ሁሉም ወረደበት፤ ጀርባውን፣ ጉልበቱን፣ ጆሮ ግንዱን። ጠምዝዘው መሣሪያውን ነጠቁትና በመጥረቢያ ጀርባ አደቀቁት። እሱ በሆዱ እየተሳበ ወደ መሣሪያው ስብርባሪ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ረጅሙ ሰውዬ ኮንክሪቱን ከትከሻው በሁለት እጁ አነሳና እጁ ላይ ለቀቀው።

ያን ጊዜ ነው የጮኸው። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከሰው ሲወጣ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

የመለኪያውን ዘንግ ይዤ ነበር። ሰውዬው ኮንክሪቱን እንደገና ሊያነሳ ጎንበስ ሲል በሙሉ ጉልበቴ ፊቱን አልኩት። አፍንጫው ሲሰበር በዘንጉ በኩል መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል፣ ምን አስዋሸኝ። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ፤ በፀጉሬ ጎትተው ጣሉኝ፣ ጎኔን በእግር ሲሉኝ ትንፋሼ ተቆረጠ። አፌ ውስጥ አፈርና ደም ነበር። እኔም የያዝኩትን ቁርጭምጭሚት ነክሻለሁ፤ የማን እንደሆነ እንጃ።

ያተረፉን የሣሩ አባት ናቸው። በፈረስ ነው የደረሱት። ወርደው ምንም ሳይናገሩ በሽመሎቹ መሐል አልፈው በርኖሳቸውን አወለቁና ቀያሹ ላይ ጣሉት። ከዚያ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«በሉ ምቱ» አሉ። «ከዚህ በኋላ የምትመቱት እኔን ነው።»

ሰዎቹ ሽመላቸውን ዝቅ አደረጉ። ሽማግሌው ኮንክሪቱን አዩ፣ ቀዩን ቀለምና ቁጥሩን በጣታቸው ነኩ፣ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እንለካለን አላችሁኝ። ድንጋይ እንቀብራለን አላላችሁኝም» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

መንገዱ ስለተዘጋ አምቡላንስ አይመጣም ተባለ። ሽማግሌው ቃሬዛ አሠሩ፣ የመቱትም ሰዎች ተሸከሙት። ረጅሙ ሰውዬ ከፊት ነበር፤ ከአፍንጫው የሚወርደው ደም ባናው ላይ እየረገፈ፣ አንዴ እንኳን ትከሻ ሳይቀይር ሆስፒታል ድረስ ወሰደው። እኔ በሽማግሌው ፈረስ ላይ ሆኜ ከኋላ ማጅራቱን እያየሁ ነው የሄድኩት፤ ዘንጉ በእጄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ።

የቀያሹ እጅ አልዳነም። ከአንጓው በላይ ቆረጡት።

የቀያሹ ወንድም በማግስቱ መጣ። ከዚያ በፊት የማውቀው ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲመጣ የገብስ ቆሎ በከረጢት ይዞልን የሚመጣ፣ ሰው ፊት ሲቀመጥ የሚያፍር። አሁን ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀመጠ። ልብላ፣ ልጠጣ አላለም።

«እህት ዓለም» አለኝ፣ «ከሞተ ነፍሱን እመልሳለሁ። ከተረፈም እጁን እመልሳለሁ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ቤቱንም አውቀዋለሁ።»

እንደሚያደርገው ሁላችንም እናውቃለን። ገድሎ ሲመለስ የሰውየው ወገኖች ደግሞ እሱን እንደሚገድሉት እናውቃለን፤ የሱም ልጆች ገና ክላሹን ለመሸከም አልደረሱም እንጂ ይደርሳሉ። ቀያሹ ሲነቃ ስለ እጁ አልጠየቀኝም።

«ወንድሜ የት ነው?» አለ።

«ደጅ ነው።»

«መሣሪያ ይዟል?»

«ይዟል» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መንገዱ ሲከፈት ሰብሳቢያችን መጡ። የተጠቀለለውን ክንድ አይተው መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ግን «ኢንጂነር፣ ሥራውን ካቋረጥን ማኅበሩ ተመልሶ ሆቴል ጓሮ ይገባል» አሉኝ። እኔም በጨዋ አፍ የማይደገም ነገር መለስኩላቸው፤ ነርሷ መጥታ አስወጣችን። ሰብሳቢያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ማኅበሩ ልጃቸው ነው፤ ያኔ ግን ልጃቸውን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ቀያሹ ከሆስፒታል ሲወጣ የሣሩ አባት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ሽምግልና ገቡ። ቀያሹ ወዲያው እሺ አለ። ወንድሙ «እሱ በአፉ ይቅር ካለ፣ እርቁም ሙሉ ከሆነ ክላሹን አስቀምጣለሁ። ጎደሎ እርቅ ግን አልቀበልም» አለ። ቀን ተቆረጠ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀመጥን። ረጅሙ ሰውዬ በባዶ ራሱ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከወገኖቹ ፊት ፊት እየሄደ መጣ። አፍንጫው ጠሞ ቀርቷል።

ከወገኖቹ አንዱ ተነሳ። «አባቶቼ፣ የሱም ደም ፈሷል። እርቁ ሙሉ ይሁን ከተባለ እሷም ትሸከም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሣሩ አባት «እውነቱን ነው» አሉ።

ቆሜ እያለሁ አይሆንም አልኩ። እጅ ያደቀቀና አፍንጫ የሰበረ እኩል ሊሆን ነው ወይ አልኩ። እጁ ላይ ሁለተኛ ሊጥልበት እኮ ነበር አልኩ። ድምፄ እየጨመረ ሲሄድ የወንድምየው እጅ ክላሹ ላይ ሲጠብቅ አየሁ።

ቀያሹ በግራ እጁ ነጠላዬን ያዘና ወደሱ ሳበኝ። «እጄ ሄዷል» አለኝ በጆሮዬ። «ወንድሜም ይሂድ?»

ድንጋዩን ተሸከምኩ። ስለተጸጸትኩ አይደለም፤ ያን ቀን ጸጸት የሚባል ነገር በአካሌ አልነበረም። መጀመሪያ ሰውዬው ቀያሹ እግር ላይ ወደቀ፤ ቀያሹ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው፣ ደረቅ አድርጎ፣ ፊቱን ሳያይ። ቀጥሎ እኔ ጎንበስ አልኩ። ድንጋዩ ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ ነው። የሚታየኝ የሰውዬው እግር ብቻ ነበር፤ በኮንጎ ጫማ ውስጥ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ። «ይቅር በለኝ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ልቤ ውስጥ እየገደልኩት ነበር።

ሰውዬው ደጋግሞ ተነፈሰ፤ ትንፋሹ በተሰበረው አፍንጫ ሲያልፍ ይፏጫል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እምቢ ቢል ወንድምየው እዚያው ደጀ ሰላም ላይ ነበር የሚተኩሰው። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ በአፍንጫው። ወንድምየው ካዝናውን ነቀለና ለሣሩ አባት ሰጣቸው። ከዚያ እንደ ሴት ልጅ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ አለቀሰ።

ሥራው አለቀ። ኮንክሪቶቹን ሽማግሌዎቹ ባሉበት ነቅለን ችካል ተከልን፤ ማኅበሩም የሥራ ደረጃውን አሻሻለ። በዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሰብሳቢያችን አዲሱን ሱፋቸውን ለብሰው የዓመቱን እድገት አነበቡ፤ ቢሮውን፣ አዳዲስ አባላቱን፣ ያሸነፍነውን ሥራ። ጓሳ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። «ከማኅበረሰቡ ጋር ተፈጥሮ የነበረው አለመግባባት በባህላዊ ሽምግልና ተፈቷል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ቀያሹ ከጎኔ ነበር። የኮቱ ቀኝ እጅጌ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። ወንድሙ በሕይወት አለ፤ በዚያ ሰሞን ገብሱን እያጨደ ነበር። ቀያሹ የሚያጨበጭበውን ሰው ሁሉ አየ። ከዚያ የኔን እጅ ከጭኔ ላይ አነሳና መዳፌን ወደ ላይ ገልብጦ በመሐላችን ያለው የወንበር መደገፊያ ላይ አስቀመጠው። በግራ እጁ ይመታው ጀመር። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከሰዉ ጋር እኩል ነበር። ሰዉ ሲያቆም እሱ አላቆመም። ጥርሱን ነክሶ፣ መድረኩን እያየ፣ እየጠነከረ መታኝ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ይዘው ጠበቁ። መዳፌ ነደደ፣ እጄን ግን አልሳብኩም።