ቆመን የሰማነው ዲስኩር

እናቴ ንግግር ለሚያበዛ ሰው አንድ ቃል አይበቃትም ነበር። ዲስኩር የምትለው የሚለው ነገር እያለው ማብቂያውን ያጣውን ነው። የሚለውም ከሌለው ዝባዝንኬ ይሆናል። ቱልቱላ ደግሞ የሌላ ሰው ሐሳብ የሚነፋበት ነው፤ በዚያን ዘመን ሸዋ ሮቢት ስብሰባ ስለማይጠፋባት ይህኛው ቃል አያርፍም ነበር። "ተራቀቁ" የምትለው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለጎረቤታችን፣ ለጡረተኛው ልብስ ሰፊ። ስድብ ይሁን ምስጋና ፊቷን አይቶ መገመት ነው። እሳቸው ውሃ ሲጠይቁ እንኳ ስለ ጥም መግቢያ ያስቀድማሉ።

እኔ ያኔ ደብረ ሲና አስተምር ነበር። ጥቂት መጻሕፍት አንብቤ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር የሐቀኛ ሰው ምልክት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ይህን እምነት ያጣሁት ቀወት ወረዳ፣ አንድ የሽንኩርት ገበሬ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የገበሬውን ልጅ ወደደ። የአጣዬ መስመር ሾፌር ነበርና አባትየው በየከተማው ሚስት ያለው እንዳይመስላቸው ተሰጋ። ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱ ልብስ ሰፊው፣ የቀበሌ አመራር የነበረው የአክስቴ ባልና አንድ መሪጌታ ተመረጡ። መሪጌታውን ወባ ጣላቸውና፣ አንድ ሽበት ሳላበቅል በእሳቸው ቦታ ተተካሁ።

አባትየው ወንበር አቀረቡልን። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና ቆምን፤ እሳቸውም አክብረውን ቆሙ። የአክስቴ ባል ቀደመ። የሁለቱን ቤተሰቦች ግንኙነት ከማጠናከር አንፃር፣ ወጣቱን ኃይል ተጠቃሚ ከማድረግ አኳያ፣ የበኩልዎን ድርሻ እንዲወጡ እያለ ሲቀጥል የአባትየው ፊት ጠቆረ።

"የቦይ ጠረጋው ከሆነ ድርሻዬን ጠርጌያለሁ" አሉ። "የቡድን መሪውን ጠይቁት።"

አልፈረድኩባቸውም። በዚያ ቋንቋ እያወራ ግቢያቸው የገባ ሰው ሁሉ አካፋ ሊያስይዛቸው እንጂ ልጃቸውን ሊጠይቅ መጥቶ አያውቅም። ልጅዎን ለወንድሜ ፈልገን ነው ልል አፌን ስከፍት ልብስ ሰፊው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

ከዚያም ተራቀቁ። ከመንገዱ ጀመሩ። ያለፍንበት የማሾ ማሳ እንዴት እንዳማረበት፣ የግቢው አጥር ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚናገር፣ ጥሩ ልጅ ያሳደገ ሰው ደጅ መቆም ለቆሚው ምን ያህል ክብር እንደሆነ አንድ በአንድ አነሱ። የቆላው ፀሐይ አናቴን ያቃጥለኛል፤ የአክስቴ ባል እግሩን ያፈራርቃል። አባትየውን ሳያቸው ግን ፊታቸው ተፈትቷል። ጥያቄው ከሩቅ ሲመጣ አዩት፤ እስኪደርስ ጠበቁት። ሲደርስም አልደነገጡም። በእኔ አጭር ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይህን ያህል ጊዜ አያገኙም ነበር።

"ሾፌር ነው አይደል?" አሉ።

"ነው" አሉ ልብስ ሰፊው። "የሚያድረው ግን እናቱ ቤት ነው።"

ከዚህ ሌላ አልጨመሩም። እኚያ ሰው እዚህ ላይ ማሳጠራቸው ገረመኝ።

አባትየው ተቀመጡ አሉን፤ ጓዳ ገብተው ትንሽ ቆዩና ተመለሱ። ዘመድ እንደሚያማክሩ፣ በቡሄ ማግስት እንድንመጣ ነገሩን። ወዲያው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

"አንቱ እንዳይቀሩ" አሏቸው። "ልጄ ከጓዳ ሆና ሰምታ፣ ስለ ልጁ የተናገሩት አጠረብኝ ትላለች።"