ከሽማግሌው ኋላ ኋላ

የወንድሜ ሚስት ዜቡን መቀመጥ አታውቅም። ሻይዋን እንኳ ከጓዳ ወደ ደጅ እየተመላለሰች ነው የምትጠጣው። እዚህ ሁንዛ ተራሮች ውስጥ ቤታችንን ለእንግዳ ማከራየት ከጀመርን ወዲህ ደግሞ የእንግሊዝኛ ትምህርት ገባችና ጭራሽ እረፍት አጣች። ግሱን አጥንታ ስትጨርስ ከኋላው የምትለጠፍ ትንሽ ቃል ትመጣና ሁሉን ታፈርስባታለች።

«ሉክ ማለት ማየት ነው አሉን። ‹ፎር› ሲጨመርበት እንዴት መፈለግ ይሆናል?» እያለች የአፕሪኮት ፍሬ ስናሰጣ ትነዘንዘኛለች።

በሐምሌ ሄዘር የምትባል እንግሊዛዊት ከሽማግሌ አባቷ ጋር እኛ ዘንድ አረፈች። አንድ ጠዋት ከመንገድ መሪ ጋር ወደ ተራራው በረዶ ልትወጣ ስትል ዜቡንን፣ «ፕሊስ፣ ሉክ አፍተር ማይ ፋዘር» አለቻት።

ዜቡን ወደ እኔ ሮጠች። «ሰማሽ? ‹አፍተር› በኋላ ማለት ነው። አባቴን ከኋላ ሆነሽ እያቸው ነው ያለችኝ!»

«ለምን ከኋላ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወጋቸው ይሆናል።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ሲወጡ ተከተለቻቸው። ሲቆሙ ቆመች። ዞር ሲሉ ዘላ ከጀርባቸው ሆነች።

እናቴ ይህን አይታ፣ «ምነው፣ ሰውየው ዶሮ ሰረቀን እንዴ?» አለች።

ሽማግሌው ጨነቃቸውና እርምጃቸውን አፈጠኑ፤ እሷም አፈጠነች። የመስኖውን ቦይ ይዘው ከዓይኔ ተሰወሩ። ልቤ አላርፍ ስላለኝ ተከተልኳቸው።

ስደርስ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ፤ ዜቡን ከጀርባቸው እንደ ዘበኛ ተገትራለች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ውሃ እንኳ አትሰጫቸውም?»

«በፊት ለፊታቸው ልምጣ? እንደሱ አልተባልኩም!»

ውሃውን እኔ ሰጠኋቸው።

ሄዘር ስትመለስ አባቷ ጣታቸውን ወደ ዜቡን ቀስረው ብዙ ተናገሩ። ለእኛ የገባችን «ፖሊስ» የምትለዋ ብቻ ናት። ሄዘር ፊቷን አጨፈገገች። ዜቡን ከሽማግሌው ጀርባ ሄዳ ቆመችና፣ «ሉክ፣ አፍተር» እያለች በእጇ አሳየቻት። ይሄኔ ሄዘር እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ብርድ ልብስ አምጥታ አባቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፣ ሻይ አስያዘቻቸው፣ ትራሳቸውን አስተካከለችና፣ «ሉክ አፍተር» አለች ቀስ ብላ።

ዜቡን አልሳቀችም። «ተንከባከቢያቸው ማለት ነበር» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሰው ሳባርር ዋልኩ!» ወጥ ቤት ገብታ የተቆራረጠ ሊጥ የተቀቀለበት ትኩስ ሾርባ ሠራችና በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችላቸው። በልተው ሲጨርሱ ሳህኑን ራሳቸው አነሱላት።

ሽማግሌው እስኪሄዱ ድረስ ያለ እሷ ወደ ደጅ አልወጡም። አንድ ጆሯቸው አይሰማምና፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ስትጠይቃቸው ጩኸቷ መንደሩን ያናውጥ ነበር።

በመከር የእንግሊዝኛ ፈተናውን ወደቀች። በማግስቱ እንደገና ልትመዘገብ ሄደች።